ዘጠና ኩንታል ትርፍ

ናዝራዊት በጭነት መኪና ሚዛን ጣቢያ መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗት ነበር። ጣቢያው ከወላይታ ሶዶ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ሥራዋ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ከባድ መኪና ይመጣል፣ ከመሬት እኩል በተነጠፈው ብረት ላይ በዝግታ ይወጣል፣ ጎማዎቹ በተሰኩበት በየአክስሉ ላይ ያረፈው ክብደት በኮምፒውተሯ ይታያል። ከተፈቀደው ካልበለጠ ወረቀት አትማ ትሰጣለች፤ ዘበኛው የኬላውን ብረት ያነሣል። ከበለጠ መኪናው ዳር ይዞ ትርፉን ያራግፋል።

ቀላል የማይሆነው ሰው ሲጨመርበት ነው። ሹፌሩ ይለምናል። ልመናው አልሆን ሲል ይቆጣል። ቁጣው አልሆን ሲል ደግሞ በፌስታል ሙዝ አንጠልጥሎ ይመለሳል። ናዝራዊት ሙዙን አይታ፣ «ለልጆችህ ውሰድላቸው፤ ትርፉን ግን አራግፍ» ትላለች። በዚህ ጠባይዋ ሹፌሮቹ «ድንጋዪቱ» የሚል ስም አውጥተውላታል። እናቷ ወይዘሮ ፈጠነች ይህን ስም በሰሙ ቁጥር ደስ ይላቸዋል። «አባቷም እንዲሁ ነበር፤ ለሰው ፊት የማያዳላ» ይላሉ።

አባቷ የሞቱት እሷ አሥራ አራት፣ ታናሽ ወንድሟ አማረ አሥር ዓመት ሳሉ ነው። ወይዘሮ ፈጠነች በሶዶ ገበያ ነጠላና ጋቢ እየሸጡ ሁለቱን አሳደጉ። እናት ገበያ ሲውሉ አማረን አብልታ፣ አጥባ፣ ደብተሩን አይታ የምታሳድረው ናዝራዊት ነበረች። እኅትም እናትም ሆናው ነው ያደገው። ሃያ አንድ ዓመት ሲሆነው፣ የአካባቢው ወጣት ብዙው እንዳደረገው፣ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሁለት ዓመት በሰው ሱቅ ሠራ፤ ወረቀቱ ሲስተካከልለት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ አራት ዓመት ከባድ መኪና ነዳ። ከዚያ ተመለሰ። ያገለገለ ባለተሳቢ መኪና ገዛ፣ ሚስጥር የምትባል ደግ ልጅ አገባ፣ በእምነት የምትባል ሴት ልጅ ወለደ። በእምነት አባቷን ስትመስል ለጉድ ነው፤ ሳቋ ሳይቀር የሱ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተሰቡ ወይዘሮ ፈጠነች ቤት ለምሳ ተሰበሰበ። ቆጮ በክትፎ፣ ከአጠገቡ ዓይን የሚያስነባ ዳጣ ቀርቧል። ከናዝራዊት ጋር በሚዛን ጣቢያው የሚሠሩት ጋሽ ደገፉም ነበሩ። ጋሽ ደገፉ በወጣትነታቸው ሃያ ዓመት ሙሉ ባለተሳቢ ነድተዋል፤ በአንድ አደጋ ግራ እግራቸው ከተጎዳ ወዲህ መሪ አልያዙም።

አማረ ከበላ በኋላ ወሬው ጣፈጠው። የሚወደው ወሬ ደግሞ የመኪና ነው።

«ጋሼ፣ እዚያ ቢያዩ ይገርምዎታል» አለ። «አንዱ ጎታች ሁለት ተሳቢ አስከትሎ ይሄዳል፤ ርዝመቱ ሃያ ሁለት ሜትር! እንጨት የሚጭኑትማ ልዩ ፈቃድ ስላላቸው ከዚያም ይረዝማሉ። አውስትራሊያ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ በረሃው ላይ ሦስት ተሳቢ እንደ ባቡር ተቀጣጥሎ ይሄዳል ይለኛል። እኛ አገር ግን ትንሽ ጨመር ካደረግህ ናዝሪ ሰማይ ተደፋ ትላለች።»

ጋሽ ደገፉ ፈገግ አሉ። «እዚያ ስትነዳ ስንት አክስል ነበረህ?»

«ሰባት።»

«የአሁኑ መኪናህስ?»

«ስድስት ነው፤ ብዙም ልዩነት የለውም።»

«ፍሬንህን ማን ያየው ነበር?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጋራዡ ሳይፈትሽ ከግቢ መውጣት የለም።»

«ቁልቁለት ሲሆንስ?»

«ከመውረድህ በፊት ከባድ መኪና በግዴታ የሚቆምበት ቦታ አለ። ቆመህ ማርሽ ትቀንሳለህ። መኪና ባይኖር፣ ሰው ባይኖር፣ መቆም አለብህ።»

«ተመልከት እንግዲህ» አሉ ጋሽ ደገፉ፤ እጃቸውን በማበሻው እያበሱ። «የየአገሩ ሕግ የሚለያየው እንዲሁ አይደለም። መንገዱ ስንት ይችላል? ድልድዩ ስንት ይችላል? ክብደቱ በስንት ጎማ ላይ ይከፋፈላል? ፍሬኑ ተፈትሿል ወይ? ሹፌሩ አርፏል ወይ? ይህ ሁሉ ታስቦ ነው ያ ቁጥር የሚወጣው። እነሱ ያን ያህል ክብደት የፈቀዱት ሌላውን ካሟሉ በኋላ ነው። አንተ ግን ሌላውን ሁሉ እዚያው ትተህ፣ ክብደቱን ብቻ ይዘህልን መጣህ።»

አማረ ሳቀ። ናዝራዊት ግን ነገሩን ልትተወው አልፈለገችም።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ እዚያ ሳለህ አንድ ቀን እንኳ ከልክ በላይ ጭነህ ታውቃለህ?»

«አንድ ቀን! ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ አንድም ቀን!»

«እዚህ ታዲያ ለምን ያምርሃል?»

«እዚያ ሚዛኑ ላይ እኅት የለችኝማ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እናት ሳቁ፣ ሚስጥር ሳቀች፣ ናዝራዊትም ራሷ ሳቀች። ጋሽ ደገፉ ብቻ አልሳቁም።

በዚያ ሰሞን የወይዘሮ ፈጠነች ጽዋ ማኅበር አንድ ትልቅ ሥራ ይዞ ነበር። ከሻንቶ ወዲያ ባለች የገጠር ቀበሌ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በምስጥ ተበልታ ልትወድቅ ስለደረሰች፣ አዲስ በብሎኬትና በአርማታ እየተሠራች ነው። የሶዶ ምእመናን ሲሚንቶና ብረት አዋጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ተክለጻድቅ ዕቃውን በአንድ መጋዘን አጠራቀሙት። የሚያደርሰው መኪና ሲፈለግ አማረ፣ «ለሚካኤል ሥራማ እኔ አለሁ፤ ነዳጁም የራሴ ነው» አለ። እናቱ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

መጀመሪያ የታሰበው ዕቃው በሁለት ምልልስ እንዲደርስ ነው። ነገር ግን የአርማታ ማደባለቂያው ማሽን የተገኘው ለአንድ ቀን ብቻ ሆነ። ኅዳር ሚካኤል ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ፣ አቶ ተክለጻድቅ «በአንዴ ቢሄድስ?» አሉ። አማረ መኪናውን ዞሮ አየው፤ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረጋቸው። «ይችላል» አለ። ብረቱ ከታች፣ ሲሚንቶው ከላይ ተጫነ። ከዚያም የተረፈው ሲሚንቶ ተሳቢው ላይ ተደረበ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ የናዝራዊት ስልክ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«ናዝሪዬ፣ አማረ እየመጣ ነው። የሚካኤልን ሲሚንቶ ጭኗል።»

«ደግ ነዋ።»

«ትንሽ በዝቶበታል መሰለኝ። እንዳታጉላዪው፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ ሁለት ጊዜ ያመላልሰዋ! ምን ቸገረው?»

«ማሽኑ ያለው ዛሬ ብቻ ነው አሉ። ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ውኃውን ቀድቶ፣ አሸዋውን ነፍቶ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ደግሞስ ለራሱ ትርፍ የጫነው መሰለሽ? የመልአኩ ሥራ ነው። እሱ ራሱ ይጠብቀዋል።»

ናዝራዊት በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየች።

«ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

ያን ቀን ጋሽ ደገፉ የወር ሪፖርት ሊያደርሱ ከተማ ገብተዋል። ጣቢያው ላይ ያሉት ናዝራዊትና ዘበኛው ብቻ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ የአማረ መኪና እያቃሰተ መጣና ሚዛኑ ላይ ወጣ። ናዝራዊት ቁጥሩ እስኪረጋ ጠበቀች። ከተፈቀደው ዘጠና ኩንታል ይበልጣል። ከሁሉ የባሰው የተሳቢው የኋላ አክስል ነው።

በመስኮቷ ብቅ ብላ፣ «አማረ፣ ዳር ያዝና አራግፍ» አለችው።

«እማዬ አልደወለችልሽም?»

«ደውላለች። ዘጠና ኩንታል ነው የበለጠው!»

«በዚህ ፀሐይ ማን ያራግፈዋል? ሰው የለኝም። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ።»

«ከሻንቶ ወዲያ ያለው ቁልቁለትስ?»

«ናዝሪ ሙች፣ እኔ እኮ በሃያ ሁለት ሜትር መኪና ተራራ የወረድኩ ሰው ነኝ! ሰዉ ቆሟል፤ አትጨቅጭቂኝ።»

ፊቱን ላብ አጥምቆታል። ያ ፊት አሥር ዓመቱ ላይ አባቱን ቀብሮ ሲመለስ እጇን ይዞ ሽቅብ ያያት የነበረው ፊት ነው። ናዝራዊት እሱን አየች፣ ቁጥሩን አየች። ጣቷ ማተሚያው ላይ ነበር። አልተጫነችውም። ቁጥሩን አጠፋችውና ለዘበኛው በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ብረቱ ተነሣ።

«ቀስ በል እሺ» አለችው።

«ቅዳሜ በእምነትን አመጣልሻለሁ!» አለና እጁን አውለብልቦ ሄደ።

ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ከሻንቶ በኩል የመጣ ሚኒባስ ኬላው ላይ ቆመ፤ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ዘበኛውን፣ «ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጠ፤ ሰው ሞቷል» አለው። ናዝራዊት ከመቀመጫዋ ስትነሣ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ባጃጅ አስቁማ ስትገባ ወዴት እንደምትሄድ እንኳ ለባለ ባጃጁ አልነገረችውም፤ ወደፊት በእጇ ብቻ አሳየችው።

ያዩት ሰዎች እንደተናገሩት፣ አማረ ቁልቁለቱን ሲጀምር ቀስ ብሎ ነበር። መሃል ላይ ሲደርስ ግን ከጎማዎቹ ጭስ ይወጣ ጀመር፤ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ አለ። ከኋላው ያ ሁሉ ክብደት ይገፋዋል። ከታች መንገዱ ላይ ወደ ሻንቶ ገበያ የሚሄድ ሰው አለ። አማረ ጡሩንባውን ሳይለቅ፣ በር ከፍቶ ሳይዘል፣ መኪናውን ወደ ባሕር ዛፎቹ መለሰው። ጎታቹ ዛፎቹ ውስጥ ገባ። ተሳቢው ግን ዞረና የመንገዱን ዳር ጠረገው። በዚያ ዳር ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውኃ የያዘች አንዲት ሴት ነበረች። መስከረም ትባላለች፤ ሶርሳ የሚባል ገበሬ ሚስት፣ የሦስት ልጆች እናት። ውኃውን የምትወስደው ለቤተ ክርስቲያኗ አርማታ ነበር።

አማረም መስከረምም ሆስፒታል አልደረሱም።

ናዝራዊት ስትደርስ ሲሚንቶው ተበትኖ አስፋልቱም ሣሩም ሰዉም አመድ መስሏል። ወንድሟን ከጎታቹ ሲያወጡት ቅንድቡ ላይ የነበረውን አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገችው። ሰዎች ይዘው እስኪያነሷት ድረስ ሌላ ምንም አላደረገችም።

በወይዘሮ ፈጠነች ግቢ ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛው ከሶዶ፣ ከአረካ፣ ከዱቦ መጣ። የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይዞ ይመጣል። «ቀኑ ደርሶ ነው።» «እግዜር የጻፈውን ማን ይፍቀዋል?» «ፍሬን እምቢ ካለ ሰው ምን ያደርጋል?» አቶ ተክለጻድቅ ደግሞ፣ «በመልአኩ ሥራ ላይ ሳለ ነው የሞተው፤ እንደ ሰማዕት ነው» አሉ። እናት ይህን ሲሰሙ ትንሽ የሚጽናኑ መሰሉ። ሚስጥር ግን ግድግዳውን እያየች ትውላለች፤ አታለቅስም፣ አትበላም።

በሦስተኛው ቀን በእምነት መጥታ አክስቷ ጉልበት ላይ ተቀመጠች።

«አክስቴ፣ አባቢ ሲሚንቶውን አራግፎ መቼ ነው የሚመጣው?»

ናዝራዊት የሰማችው «አራግፎ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። አራግፍ ብላው ነበር። ብላው ነበር፤ ግን አላስራገፈችውም። ልጅቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ለቀስተኛውም አብሯት አለቀሰ። የምታለቅሰው ለወንድሟ ብቻ መስሏቸው ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ ገባች። ጋሽ ደገፉ ሻይ አስመጥተውላት አጠገቧ ተቀመጡ።

«ናዝራዊት፣ የዚያን ቀን መዝገብ አየሁት» አሉ። «ሁለት ሰዓት ላይ አንድ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለት መኪና ተመዝኗል። የአማረ የለም።»

እሷ አቀረቀረች።

«ሳይመዘን አለፈ ወይስ ተመዝኖ?»

«ተመዝኖ።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ወይኔ ልጄን!»

«ጋሼ፣ ለሌላ ሰው አድርጌው አላውቅም። አንድ ጊዜ ነው። ለአንድ ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አውቃለሁ። ለባዕድ ጠንካራ ነበርሽ። እንግዳው ሹፌር ትርፉን አራግፎ፣ ተሳድቦ፣ በሰላም ቤቱ ገብቷል። የከለከልሻቸው ሁሉ በሕይወት አሉ። አማረን ግን ወደድሽው፤ አሳለፍሽው።»

«ይክሰሱኝ!» አለች።

«እኔ አልናገርም። ብናገር የኔ እውነት ይሆናል እንጂ ያንቺ አይሆንም። አንቺው ተናገሪ። መጀመሪያ ግን አንድ ቤት አለ፤ እዚያ ቤት ማንም ከኛ ሰው አልሄደም።»

በማግስቱ ናዝራዊት ወደ ሻንቶ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሯ፣ ወደ ሶርሳ ቤት ሄደች። ሶርሳ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ሥር ተቀምጦ ጎዳሬ እየላጠ ነበር፤ የሴት ሥራ አልለመደም መሰለኝ፣ ጣቶቹ ቆሳስለዋል። ሦስቱ ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ማን እንደሆነች ስትነግረው ተነሣና «ሳሮ» ብሎ ሰላምታ ሰጣት፤ በርጩማውንም ለቀቀላት። ናዝራዊት ሶዶ ተወልዳ ያደገች ናትና የተነጋገሩት በወላይትኛ ነበር።

«ስለ ወንድምሽ እኔም አዝኛለሁ» አላት። «ለኛ ቤተ ክርስቲያን ሲል ነው የሞተው። ሰዎች እንደነገሩኝ ሊዘል ይችል ነበር፤ አልዘለለም።»

ይህ ደግነቱ ነው የበለጠ ያቃጠላት። ከበርጩማው ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹን ወደ ውጭ እንዲልካቸው ለመነችው። ከዚያ የራሷን አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ ቁጥሩን እንዳየች፣ ወረቀቱን እንዳላተመች፣ ብረቱን እንዳስነሣች። እናቷ መደወላቸውን ግን አልነገረችውም።

ሶርሳ ቢላዋውን አስቀመጠ። ነፋሱ የእንሰቱን ቅጠል ያንኳኳል።

«ስንት ነበር የበዛው?» አለ።

«ዘጠና ኩንታል።»

«ዘጠና ኩንታል...» ቁጥሩን በአፉ አዟዟረው። «አምና ጤና ጣቢያ መዘኗት። አርባ አራት ኪሎ ነበረች። ቀንሰሻል፣ በደንብ ብዪ አሏት። እሷ ግን ልጆቹ ሳይጠግቡ አትበላም።»

ናዝራዊት መሬቱ ላይ ተደፋች። ሶርሳ አላነሣትም። ቆይቶ፣ ድምፁን ሳያሰማ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

«ይቅርታ ፈልገሽ ከሆነ የመጣሽው፣ ዛሬ የለኝም» አላት። «ነገ ይኖረኝ እንደሆነም አላውቅም። ግን ስለነገርሽኝ አንድ ነገር ሆኖልኛል። ትልቁ ልጄ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብሎኛል። ሰዎቹ እናትህን እግዜር ወሰዳት፣ ቀኗ ነው ይሉታል። እሱ ደግሞ፣ ለሱ ቤት ውኃ ተሸክማ ስትሄድ እግዜር እንዴት ይገድላታል ይለኛል። መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን፣ እግዜር አይደለም፣ ሰው ነው ብዬ እነግረዋለሁ።»

ናዝራዊት ከዚያ ወጥታ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ አለቃዋ ቢሮ ሄዳ ያደረገችውን በጽሑፍ አቀረበች። ከሥራ ታገደች፤ ጉዳዩም ወደ ሕግ ተመራ።

የአማረ አርባ በዚሁ መሃል ደረሰ። የጾሙ ጊዜ ስለነበር ባቄላና ሽምብራ ተቀቅሎ፣ የጾም ወጥ ተሠርቶ፣ ሰዉ በወይዘሮ ፈጠነች ግቢ ተሰበሰበ። ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ከተቀመጡ በኋላ አቶ ተክለጻድቅ ተነሥተው ስለ ሟቹ ተናገሩ። ደግነቱን አነሡ፣ ነዳጁን ሳይቀር ከራሱ መቻሉን አነሡ። «ምን ይደረጋል፤ ቀኑ ደርሶ ነው። ቀን ከደረሰ ሰበብ አይታጣም» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ፣ ናዝራዊት ከሴቶቹ መሃል ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን ቃል ከእንግዲህ መስማት አልችልም» አለች። ቃሏ ለሁሉም ተሰማ። «መኪናው ከሚችለው በላይ ዘጠና ኩንታል ጭኖ ነበር። ሚዛኑ ነግሮኛል። ማስቆም ሥራዬ ነበር። ወንድሜ ስለሆነ አሳለፍኩት። እሱንም፣ መስከረም የምትባል የሦስት ልጆች እናትንም የገደለው ቀን አይደለም።»

አንዲት ሴት፣ «ኧረ ልጄ፣ ኀዘን ነው የሚያናግርሽ፤ ተቀመጪ» ብላ ነጠላዋን ጎተተቻት። አንድ ሰውዬም፣ «ለወንድም ያልሆነ ለማን ይሆናል? ማንም ያደርገው ነበር» አለ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ፈጠነች ከተቀመጡበት ፍራሽ ላይ ተነሡ። ሁለት ሴቶች ሊደግፏቸው ሲሉ እጃቸውን ወዲያ አሉ። ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩአት፤ ለአርባ ቀን ብቻዋን የተሸከመችውን ያኔ ገና አዩት።

«የእኔን ለምን ተውሽው?» አሏት። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «አታሳልፈውም ነበር። ጠባይዋን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ደውዬ እንዳታጉላዪው ያልኳት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ያመላልሰው ብላኝ ነበር። መልአኩ ይጠብቀዋል አልኳት። መልአኩማ ጠብቆት ነበር፤ ሚዛኑ ላይ እኅቱን አስቀምጦለት ነበር። እኔ ነኝ ገለል በዪለት ያልኳት።»

አቶ ተክለጻድቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። «በአንዴ ይሂድ ያልኩትም እኔ ነበርኩ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ተቀመጡም።

እናት ግን አልጨረሱም። ደረታቸውን እየደቁ፣ «ቀኑ አልደረሰም ነበር!» ብለው ጮኹ። «የልጄ ቀኑ አልደረሰም ነበር! እኛ ነን የጠራነው!»

ሚስጥር በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ፍርድ ቤቱ ናዝራዊትን ጥፋተኛ ብሎ፣ ራሷ ቀርባ መናገሯን ቆጥሮ፣ የእስራቱን ቅጣት በገደብ አደረገላት። ወደ ሚዛኑ ግን አልተመለሰችም። አሁን በሶዶ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ጋሽ ደገፉ አሽከርካሪዎችን ሰብስበው በሚያስተምሩበት ቀን ግን ትጠራለች፤ ፊታቸው ቆማ ያደረገችውን ትነግራቸዋለች። የሚያለቅስ አለ፤ ሰዓቱን እያየ የሚሰማም አለ። ሶርሳ ይቅር ብያለሁ የሚል ቃል እስከ ዛሬ አልወጣውም። ወይዘሮ ፈጠነች በየወሩ ልጆቹን ሊያዩ ሲሄዱ ግን በሩን ዘግቶባቸው አያውቅም።

እኛም እንጠይቅ። በሰው አገር ያለ ቁጣ የምናከብረውን ሕግ፣ በገዛ መንገዳችን ላይ ስንደርስ ለምን እንንቀዋለን? ሌላው አገር ብዙ ይጭናል ስንል፣ ከዚያ ጭነት በፊት ያለውን ፍተሻ፣ ከቁልቁለቱ በፊት ያለውን መቆም ለምን አናነሣም? የየአገሩ ቁጥር ይለያያል፤ በየአገሩ ቁልቁለት ላይ የሚሄደው ሰው ግን ያው ሰው ነው። ሕግን ለዘመድ ማላላት ፍቅር ይመስላል። ሌላውን ሰው ሁሉ ከምንጠብቅበት አደጋ የምንወደውን ሰው ብቻ ያለ ጠባቂ መተው ነው እንጂ ፍቅር አይደለም። ቸልተኝነታችንን ቀን፣ ዕድል፣ የእግዜር ፈቃድ እያልን ስንሸፍነውም፣ የሚቀጥለውን ሟች እያዘጋጀን ነው።

በእምነት ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገብታለች። አባቷ በመኪና አደጋ መሞቱን ታውቃለች፤ እንዴት እንደሆነ ግን ገና አልጠየቀችም። አንድ ቀን መጠየቋ አይቀርም። ሚስጥር ናዝራዊትን፣ «ያን ቀን እኔ አልመልስላትም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት» ብላታለች። ናዝራዊትም «እሺ» ብላለች።